ቀዩ ማስታንግና የጥር በረዶ

ጀማነህ ቀዩን ማስታንግ እያስገመገመ በኦሃዮዋ ኮሎምበስ ሊንደን ሠፈር ወዳለው ቤቱ የገባ ዕለት፣ ሚስቱ አርሴማ በረንዳው ላይ ቆማ መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ ቃኘችው። በሩ ሁለት ብቻ ነው። የኋላ ወንበሩ ሰው ሳይሆን ቦርሳ ለማስቀመጥ የተሠራ ይመስላል። ሞተሩ ሲያጓራ የሠፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ይጮኻል።

«እዚህ ላይ ማን ሊቀመጥበት ነው?» አለችው።

«ሙሽራ።»

አርሴማ ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችም። ከሃምሳ ያለፈ ሰው ቀይ መኪና ገዝቶ ሲገባ ሌላ ሚስት ብትሆን ሌላ ሌላ ነገር በጠረጠረች ነበር። እሷ ግን ይህ «ሙሽራ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣና ስንት ዓመት ሲጠበቅ እንደኖረ ታውቃለች።

ጊዜው የ2021 ሰመር ነው። ጀማነህን የሚያውቅ ሁሉ ተገረመ፤ ቢገረምም አይፈረድበትም። ይህ ሰው ግሮቭ ሲቲ ካለ የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ፣ ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዳ የኖረ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን የአንድ ካርቶን ጠርዝ ያልነካ፣ ወደ ኋላ ሊሄድ ሲል ሁለት ጊዜ ዞሮ የሚያይ ጠንቃቃ ነው። ልጁን ሐምራዊትን ትምህርት ቤት፣ አዲስ መጤውን ሁሉ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ያመላለሰው በአንድ አሸዋማ ቀለም ባለው አሮጌ ቫን ነው። የቫኑ ተንሸራታች በር በእርግጫ ካልተመታ አይዘጋም፤ ራዲዮኑም ከአንድ ጣቢያ በቀር አይዝም። እምቢ ብሎ ግን አያውቅም። በዲቪ ከመጡት የሠፈሩ ልጆች መካከል ኮሎምበስን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቫን መስኮት ያላየ ጥቂት ነው።

ጠንቃቃ ይሁን እንጂ አንድ አመል አለው፤ ተናግሮ አይመለስም። ቃል አንዴ ከአፉ ከወጣ፣ ቢጠቅምም ቢጎዳም፣ ይዞት ይሄዳል። አርሴማ ለጓደኞቿ «የኔ ባል ሬትሮማርሽ የለውም፤ ወደ ኋላ አያውቅም» ትላለች፤ ስትል ደግሞ ግማሹ ሮሮ፣ ግማሹ ኩራት ነው።

የሙሽራዋ ነገር የተጀመረው ካርቱም ነው። ጀማነህ ገና ጢም ያላበቀለ ስደተኛ ሳለ፣ ሳህሌ ከሚባል ሹፌር ጋር ሎሪ ላይ ይሠራ ነበር። ሳህሌ ይነዳል፣ ጀማነህ ረዳት ነው። ጀማነህን መሪ ያስያዘውም ሳህሌ ነው። ሳህሌ ወንድ ልጅ ሲወልድ ጀማነህ ክርስትና አነሣው፤ ልጁም ኤርምያስ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሰዎች በስም መጠራራቱን ትተው «አበልጄ» ሆኑ።

አንድ ቀን መንገድ ዳር ሻይ ሲጠጡ አንድ ቀይ የሀብታም መኪና ሙሽራ ይዞ በአጠገባቸው አለፈ። ሳህሌ ብርጭቆውን እንደያዘ በዓይኑ ሸኘውና «እኛማ ሎሪ ላይ አርጅተን እንቀራለን» አለ። ጀማነህ ሕፃኑን ታቅፎ ነበር። «ይሄ ልጅ ሲዳር ሙሽራዋን የማመጣለት እኔ ነኝ፤ በእንዲህ ያለ ቀይ መኪና» አለ። ሳህሌ ሳቀ። ጀማነህ ግን አልሳቀም።

ከዚያ ጀማነህ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ሳህሌ ልጁን ይዞ ጎንደር ተመለሰ። ጀማነህ ስደቱንም የገባውን ቃልም ወደ ጎን አስቀምጦ ቫኑን ሲነዳ ኖረ። ኋላ ኤርምያስ አድጎ ዲቪ ደረሰውና ሻንጣውን እየጎተተ መጣ። ያረፈው ክርስትና አባቱ ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ ሥራ የገባውም እዚያው ዌርሃውስ። የክሊቭላንድ አቬኑን አውቶብስ ሲጠብቅ ጃንጥላዋን ካጋራችው የአብሥራ ከምትባል ልጅ ጋር ተዋወቀ። የአብሥራ አባትና እናቷ አገር ቤት ናቸው፤ ያሳደገቻት አክስቷ እትዬ ዓለምወርቅ ናት። ጃንጥላው ወደ ሽማግሌ አደረሰ፣ ሽማግሌውም ወደ ቀለበት። ጀማነህም የቀለበቱ ወሬ በደረሰው ሰሞን ነው ማስታንጉን የገዛው።

ሰርጉ ጥር ላይ ተቆረጠ። ለምን ጥር? ምክንያቱም ሰርግ በጥር ነው። የገና ጾም ተፈትቷል፣ ዐቢይ ጾም ገና ነው፤ አገር ቤት እህሉ ጎተራ የገባበት፣ ሰማዩ የጠራ፣ መንገዱ የደረቀ ወር ነው። ኦሃዮ ውስጥ ጥር ምን እንደምትመስል አያቶቻችን የጠየቃቸው የለም። እኛም ሰርግ በሜይ ብናደርገው ምን ነበረበት ብለን የምናስበው በየዓመቱ ጥር ላይ፣ አካፋ ይዘን በረዶ ስንጠርግ ነው።

ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ጀማነህና አርሴማ ዘይት ሊያስቀይሩ ሙክታር ጋራዥ ሄዱ። ሙክታር የሐረር ልጅ ነው፤ የሊንደንን መኪና ሁሉ በሳሉ ያውቀዋል። በማስታንጉ ዙሪያ ዞረና ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነው።

«ጀሜ፣ ይሄ እኮ ሰመር ታየር ነው። ለሙቀት የተሠራ ነው። ሲሞቅ አስፋልቱን እንደ ማስቲካ ይይዘዋል፤ ብርድ ሲነካው ድርቅ ይላል። በዚህ ጎማ ስኖው ላይ መውጣት የታጠበ ሴራሚክ ላይ በካልሲ መሮጥ ነው። እስከ ማርች ፓርክ አድርገው።»

«አዲስ ጎማ ነው። ጥርሱን አላየኸውም?»

«ችግሩ ጥርሱ አይደለም፣ ላስቲኩ ነው። በዚያ ላይ የሚገፋው በኋላ እግሩ ነው፤ ጉልበቱም ብዙ ነው። ነዳጁን ነካ ስታደርገው ዞረህ የመጣህበትን ታያለህ። ዊንተር ታየር ኦርደር ላድርግልህ?»

«ሙክታር፣ እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ጭቃ ላይ ሎሪ የነዳሁ ሰው ነኝ» አለ ጀማነህ።

የገዳሪፍን ጭቃ በሊንደን የማያውቅ የለም። ጀማነህ በክርስትናም በለቅሶም ያወራዋል፤ ዝናቡን፣ እስከ ጉልበት የሚውጠውን ጥቁር አፈር፣ የሳህሌን ብልሃት። ተረቱ ግን ሁልጊዜ የሚያልቀው ሎሪው ጭቃው ውስጥ ሲገባ ነው። እንዴት እንደወጡ አይናገርም፤ ጠይቆት የሚያውቅም የለም።

አርሴማ አንድ ጊዜ ብቻ «ሙክታርን ብትሰማው ምን አለበት?» አለች።

«በቀዩ መኪና አመጣታለሁ ብያለሁ፣ አመጣታለሁ። ጎማ የሚያስፈራኝ ሰው አይደለሁም።»

አርሴማ ዝም ስትል ነገር አለ ማለት ነው። በሳምንቱ ቫኑን ወስዳ ለሙክታር ሰጠችው፤ አራቱንም ዊንተር ታየር አስገጥማ መለሰችው። ጀማነህ አዲሱን ጎማ አይቶ አለፈ። የቫን ጉዳይ ነው።

የእሱ መላ ሌላ ነበር። ሳህሌ ድሮ «ሎሪው ኋላው ከቀለለ ይንሸራተታል፣ ክብደት ጫንበት» ይለው ነበር። ስለዚህ የሰርጉ ዋዜማ ጎሹ ሱቅ ሄዶ የጤፍ ዱቄት በከረጢት በከረጢት ተሸክሞ የማስታንጉን ሻንጣ ቤት ሞላው። ጎሹ ባለሱቁ «ለድግሱ ነው?» ሲለው «ለጎማው ነው» ብሎ መለሰለት። ጎሹ የሰማውን ለማመን ቆም ብሎ ማሰብ ነበረበት።

ከጥምቀት በኋላ ያለው ቅዳሜ ደረሰ። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው በረዶ ሊንደንን ከጣራ እስከ አጥር አልብሶታል። ወንዶቹ በአዲስ ሱፍና ከረባት አካፋ ይዘው መንገድ ጠረጉ፤ ሴቶቹ የሀበሻ ቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ቦት ጫማ ተጫሙ። ቀዩ ማስታንግ በነጭ ሪባን ተሸልሞ በነጩ መሐል ሲታይ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምር ነበር።

ሳህሌ አልመጣም። የቪዛ ቀጠሮው በኮሮና ምክንያት ሲገፋ ሲገፋ ከልጁ ሰርግ በኋላ ወደቀ። በዚህ ጀማነህ ከኤርምያስ በላይ አዝኖ ነበር። ስለዚህ ሐምራዊት የአባቷን ስልክ ከመሪው አጠገብ አቆመችና ቪዲዮ ኮል አደረገች። ጎንደር መሽቷል፤ ሳህሌ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ዘመድ ወዳጁ ከኋላው ተደርድሮ፣ ከስክሪኑ ውስጥ ብቅ አለ።

«አበልጄ፣ ይሄ ሁሉ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«በረዶ ነው፣ አበልጄ።»

«አይቀዘቅዛችሁም?»

«ሰርግ ነው፣ ምን ይቀዘቅዘናል።»

ሐምራዊት አባቷን በመስኮት እያየች «ዳድ፣ ፕሊስ፣ ጀስት ቴክ ዘ ቫን» አለች፤ እባክህ በቫኑ ሂድ ማለቷ ነው። አልሰማትም፤ ወይም የሰማት አልመሰለም።

ኤርምያስ ከፊት ገባ። ሁለቱ ሚዜዎች ከኋላ ተሰነቀሩ፤ ዋናው ሚዜ ወልደየሱስ ግዙፍ ስለሆነ ጉልበቱ ጆሮው አጠገብ ደረሰ። ሲመለሱ ሙሽራዋ ከፊት፣ ኤርምያስ ከኋላ፣ ሚዜዎቹ በቫኑ እንዲሆኑ ጀማነህ አስቦበታል። አርሴማ በቫኑ ተከተለች፤ ከእሷ ኋላ አጃቢው መኪና ሁሉ መብራቱን አብርቶ ተሰለፈ።

ጀማነህ ነዳጁን በቀስታ ነካ አደረገ። ሞተሩ አጓራ፣ የኋላ ጎማዎቹ በቦታቸው ዞሩ፣ መኪናው ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ቂጡን ወደ ጎረቤት ግቢ አዞረ። መሪውን መለሰው። አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጎረቤት።

«አበልጄ» አለ ሳህሌ ከስልኩ፣ «መሪው ወዲያ ነው፣ መኪናው ግን ወዲህ ነው የሚሄደው?»

«እየተለማመደ ነው።»

እንደምንም ቀና ብለው ዋናው መንገድ ገቡ። ኮሎምበስ ሜዳ ከተማ ናት፤ ዳገት የሚባል ነገር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ቢሆንም ከሐዲድ በላይ የሚያልፍ አንድ ድልድይ አለ፤ በሌላ ቀን ማንም ዳገት ብሎት አያውቅም። ማስታንጉ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቆመ። ጎማው ይዞራል፣ መኪናው ግን ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የከተማው አውቶብስ በአጠገባቸው ረጋ ብሎ አለፈ፤ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ስልኩን አውጥቶ ቀረጻቸው። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ የሚባለው ለዚህ ነው። ኤርምያስ ሳቁን ለመያዝ ከረባቱን አስተካከለ።

አጃቢው ወረደ። ወልደየሱስ ከኋላ ወንበር ለመውጣት ብቻ ብዙ ትግል ፈጀበት፤ ከወጣ በኋላ ግን ትከሻው ጠቀመ። ከድልድዩ ግርጌ ካለ ቤት አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወጡ፤ ለድመታቸው መጸዳጃ የገዙትን የአሸዋ ከረጢት አምጥተው ጎማው ሥር በተኑ። ሱፍ የለበሰው ሁሉ መኪናውን ተደግፎ እየዘፈነ ገፋ፤ ሴቶቹ ከኋላ በጭብጨባ ተቀበሉ። አሮጊቷ የዘፈኑ ቃል ባይገባቸውም በጓንታቸው አጨበጨቡ። ማስታንጉ በድመት አሸዋና በሰው ትከሻ ድልድዩን ወጣ።

ቁልቁለቱ ባሰ። ፍሬኑ እግሩ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ መኪናው በፈለገበት ይወርዳል። በመኪናው ውስጥም፣ ጎንደርም፣ ማንም አልተነፈሰም። ታች ደርሰው ቀጥ ሲሉ ሳህሌ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ጀማነህ በዚያ ብርድ ግንባሩ አልቦት ነበር። መሪ ከያዘ ጀምሮ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም፤ ፍርሃቱን ለማንም መናገርም አልፈለገም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራው መምከሩን ጀምሯል፤ ሰውየው ግን ገና አልተመከረም።

የሙሽራዋ ቤት ቤክስሊ አጠገብ፣ ትልልቅ ዛፎች ባሉበት ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ነው። ልጃገረዶቹ ደጁ ላይ ተሰልፈው ከበሮ ይዘዋል። እትዬ ዓለምወርቅ በረንዳው ደረጃ ላይ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጇን በወገቧ አድርጋ ቆማለች። ጀማነህ በክብር ሊቆም ከሩቁ ፍሬን ያዘ። ማስታንጉ አልቆመም። ልክ ሰው ሰላም ሊል እንደሚጠጋ በዝግታ ወደ ግቢው ተጠጋና የፖስታ ሳጥኑን ከነእንጨቱ ገፍቶ በረዶው ላይ አጋደመው። ከዚያ ቆመ።

ከበሮው ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ልጃገረዶቹ በሳቅ ፈነዱና እንደገና መቱት። ሙሽራው ሲመጣ በር መያዝ፣ አናስገባም ብሎ ማስለመን ወግ ነው፤ የሙሽራው ወገን ይለምናል፣ ይቀልዳል፣ ያወድሳል፣ መጨረሻ ላይ በሩ ይከፈታል። የኤርምያስ ወገን መለመን ጀመረ። ልጃገረዶቹ እየዘፈኑ እምቢ አሉ። ሁሉም እንደ ወጉ ሄዶ ሊከፈት ሲል ዓለምወርቅ እጇን አነሣች።

«የእኔ በር አይከፈትም» አለች። «እናንተ እምቢ የምትሉት በዘፈን ነው፤ እኔ የምሬን ነው።»

ዓለምወርቅ የትምህርት ቤት አውቶብስ ሹፌር ናት። የሰው ልጅ ጭና በዚህ በረዶ ስትውል ዘመኗ አልፏል፤ የሰመርን ጎማ ደግሞ ከሩቅ ትለያለች።

«ጋሽ ጀማነህ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ይህችን ልጅ ስትመጣ ከኤርፖርት ያመጡልኝ እርስዎ ነዎት። ነገር ግን ያሳደግኳትን ልጅ በዚህ ጎማ አልሰጥም። ለኤርምያስ ሰጥቻታለሁ፤ መኪናውን ግን አልቀበልም።»

«እትዬ ዓለምወርቅ፣ ቃል አለብኝ» አለ ጀማነህ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ወጣ። «ይሄ ልጅ ሕፃን ሳለ ለአባቱ የገባሁት ቃል ነው። በዚህ መኪና አመጣታለሁ ብዬ ነው።»

መኪናው ይታያል፤ የተጋደመውም የፖስታ ሳጥን ይታያል። ጀማነህ አፈረ። ከማፈሩ በላይ ግን አዘነ፤ ከካርቱም ጀምሮ ለዚህች ቀን የኖረ ይመስለው ነበር፤ አሁን ቃሉ ደጃፍ ላይ ደርሶ ሊወድቅ ነው። ወደፊትም ወደ ኋላም መሄድ አቃተው። ኤርምያስ ይህን አየና ስልኩን ከመኪናው አውጥቶ ወደ ክርስትና አባቱ ፊት ያዘው።

«አበልጄ» አለ ሳህሌ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ ገዳሪፍ ላይ ጭቃው ሲውጠን ምን አደረግን?»

ጀማነህ በጫማው ጫፍ በረዶውን ጫረ።

«ለልጆቹ ንገራቸው። ሎሪውን አወጣነው?»

«አላወጣነውም» አለ ጀማነህ። ሊንደን ሁሉ ጆሮውን ቀሰረ፤ ይህ የተረቱ ጫፍ ነው። «ሁለት ቀን ታገልነው። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ግመሎቻቸውን ይዘው መጡ። ጭነቱን በግመል ጫንነው።»

«ደረሰ ወይስ አልደረሰም?»

«ደረሰ።»

«እህሉን እናደርሳለን ብለን ነበር፤ አደረስነው። ስለ ሎሪው የጠየቀን አልነበረም» አለ ሳህሌ። «አንተም ምራቴን አመጣታለሁ ነው ያልከኝ። ቀይ ያልከው ሻይ ስንጠጣ ቀይ መኪና ስላለፈ ነው።»

ከሳህሌ ኋላ የቆመው የጎንደር ሰው ሳቀ። ጀማነህ በረዶው ላይ ቆሞ ስልኩን አየ፣ ማስታንጉን አየ፣ ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረ። አርሴማ ቫኑን ሳታጠፋ፣ ያለ አንዳች መንሸራተት፣ ልክ በቦታው አቁማ ጠብቃለች።

«አርሴማ» አለ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሬትሮማርሽ አስገባ። «ግመሉን አምጪልኝ።»

እልልታው ያኔ ተነሣ፤ መንገዱ ላይ ያሉ አሜሪካውያን ምን ሆኖ ነው ብለው በመስኮት እስኪያዩ ድረስ። ልጃገረዶቹ ሪባኑን ከማስታንጉ ፈትተው ቫኑ ላይ ማሰር ጀመሩ። ኤርምያስ ተንሸራታቹን በር ሲከፍት ውስጡ ተጠርጎ፣ ወንበሩ ላይ የሙሽራ ልብስ እንዳይቆሽሽ ነጭ አንሶላ ተነጥፎበት አገኘ። ጀማነህ ሚስቱን አያት። አርሴማ ከሌሊት ጀምራ አዘጋጅታዋለች።

«አውቀሽ ነበር?» አላት።

«ማወቅ አይደለም» አለች። «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዳይሆንብኝ ነው።»

ዓለምወርቅ በሩን ከፈተች። የአብሥራ ነጭ ቀሚሷን ተሸክማ ስትወጣ፣ ቀሚሱ ያንን በር ሞልቶ ወጣ፤ ማስታንጉ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እሷ ገብታ ቀሚሷ ውጭ ይቀር ነበር። ልጅቷ መንገድ ላይ ቆም ብላ የተጋደመውን የፖስታ ሳጥን አየችና «ጋሼ፣ ይሄን የገጨኸው አንተ ነህ?» አለች። «ሰላም ብዬው ነው» አላት። ሳቀችና ጉንጩን ሳመችው።

አሁን የቀረው ማስታንጉ ሻንጣ ቤት ውስጥ ያለው የጤፍ ነገር ነው። ወልደየሱስ ከረጢቶቹን ሲያወጣ ዓለምወርቅ ዓይኗን አጥብባ «ይሄስ ምንድን ነው?» አለች። ጀማነህ ያን ጊዜ ጉልበቱ ተመልሶለት ነበር። «ጥሎሽ ነው» አለ። ጤፉ በከበሮ ታጅቦ ቤት ገባ። በጤፍ ከረጢት ጥሎሽ የተጣለላት የመጀመሪያዋ የኮሎምበስ ሙሽራ የአብሥራ ሳትሆን አትቀርም።

ከዚያ ጀማነህ ከቫኑ መሪ ኋላ ተቀመጠ። ሙሽሮቹ በመሐል፣ ሚዜዎቹ በኋላ፣ ዓለምወርቅ ከፊት፤ አርሴማና ሐምራዊት ደግሞ የት እንደገቡ እግዜር ይወቅ፣ ገብተዋል። በሩን ኤርምያስ በአዲሱ ጫማው በእርግጫ ዘጋው፤ ለዚያም እልል ተባለ። ሳህሌ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ከስልኩ ውስጥም አብሮ ይዘፍናል፣ አንዳንዴ በተቃራኒው ተይዞ በጭንቅላቱ ቆሞ ይታያል። ቫኑ በረዶውን እየቆረጠ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወላውል፣ ድልድዩን ወጣ፣ ወረደ። አሮጊቷ ደጃቸው ላይ ቆመው እጃቸውን አውለበለቡ። ጀማነህ የዘፈኑን ግጥም አያውቀውም ነበር፤ ቢሆንም ዘፈነ። ያን ቀን ያየነው ደስታ ሌላ ቀን በፊቱ ላይ አይተነው አናውቅም።

አዳራሹ ሞርስ ሮድ አካባቢ ነው። ቀይ መኪና የሚጠብቀው እንግዳ አሸዋማ ቫን ከነሪባኑ ሲገባ ግራ ተጋባ። ወሬው ግን ከምሳው ቀድሞ ዞረ። የመድረክ መሪው ማይክ ይዞ «ሙሽሮቹ በግመል ደርሰዋል» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተነቃነቀ፤ ቄሱም ሳይቀሩ በመስቀላቸው አፋቸውን ጋረድ አደረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቫኑ ሌላ ስም የለውም። የገዳሪፍ ጭቃም ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻው ይተረካል፤ ሳህሌ የመረቀው ተረት ነውና።

ማስታንጉ እትዬ ዓለምወርቅ ደጅ በረዶ ተሸክሞ ማርችን ጠበቀ። መንገዱ ሲደርቅ ጀማነህ መዶሻና አዲስ የፖስታ ሳጥን ይዞ ሊወስደው ሄደ። ዓለምወርቅ በሩ ላይ ቆማ «አናስገባም» አለችው፤ ሳጥኑን አቁሞ እስኪጨርስ ድረስ አላስገባችውም። ከጨረሰ በኋላ ምሳ አበላችው።

ኦገስት ላይ የሳህሌ ቪዛ ተሰጠ። ጀማነህ ሌሊቱን ማስታንጉን ሲያጥብና ሲወለውል አደረ፤ ሙቀት ነው፣ ጎማው አስፋልቱን ይይዛል፣ ከእንግዲህ ማንም ምንም ሊለው አይችልም። ኤርፖርቱ በር ላይ ቀዩን መኪና አቁሞ ከኤርምያስና ከየአብሥራ ጋር ጠበቀ። አርሴማ ሻንጣ ይኖራል ብላ በቫኑ ተከትላለች።

ሳህሌ ወጣ። ሸብቷል፤ ከስልኩ ውስጥ ከሚታየው ያጠረ ነው። ልጁን አቀፈ፣ ምራቱን አቀፈ፣ ከዚያ ሁለቱ አበልጆች ተያይዘው ብዙ አለቀሱ። ጀማነህ ዓይኑን ጠርጎ የማስታንጉን በር ከፈተለት።

ሳህሌ በመኪናው ዙሪያ ዞረ። ኮፈኑን በመዳፉ ዳሰሰው።

«ያምራል» አለ። «የካርቱሙን ያስንቃል።» ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ኋላ፣ ወደተሰለፉት መኪኖች አየ። «ግመሉስ የታለ?»

አርሴማ ጡሩምባ ነፋች። ሳህሌ በትሩን ተደግፎ ወደ ቫኑ ሄደ፤ የፊቱን በር ከፍቶ ገባና ተመቻችቶ ተቀመጠ። ጀማነህ የማስታንጉን ቁልፍ ለኤርምያስ ሰጠውና ቫኑን ሊነዳ ሄደ።